ጉርድ ፎቶ ቁጥር ሠላሳ አራት

አገጩን አጽድቼ፣ አንገቱን አጽድቼ፣ ከግራ ጆሮ ሥር ተነስተው ወደ አንገት የሚወርዱትን አራት በለዞች አንድ በአንድ አጥፍቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ምስሉን ያሳነስኩት። የወንድሜ ልጅ ነበረች።

እንዴት የወንድምሽን ልጅ ሳታውቂያት ቀረሽ የሚለኝ ሰው ይኖራል። ይበል፤ የኛን ሥራ ስለማያውቅ ነው። እኔ ፎቶ ቤት ውስጥ ፊት አጽጂ ነኝ፤ ፊት የሚባል ነገር ግን አላይም። ስክሪኑ ላይ አንድ ጉንጭ ትሪ አክሎ ነው የሚመጣልኝ። ብጉር አያለሁ፣ እከክ አያለሁ፣ ደርቆ የቀረ ንፍጥ አያለሁ፣ ከግንባር ጀምሬ በአፍንጫ ወርጄ አንገት ላይ እጨርስና ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። የትምህርት ቤት መታወቂያ ሲሆን ደግሞ አንዱን ልጅ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከያዝኩት የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ፍላሽ ከኋላዬ ሆኖ ጉሮሮውን መጥረግ ይጀምራል። ያን ቀን፣ ረቡዕ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ልጅ ነበር የሚጠብቀኝ፤ ሁሉም ሰኞ ዕለት የተነሱ። ሠላሳ ሦስቱን ጨርሼ ሠላሳ አራተኛው ላይ ነበርኩ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚሠራው። ጠቆር ያለ ነገር ሲያይ ያጠፋል፤ ጥላ ይሁን ሌላ አይጠይቅም።

ሳሳንሰው ድንቡሼ ቁጭ ብላ ታየችኝ። ስሟ ሌላ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ከተወለደች ጀምሮ ድንቡሼ ነው የምንላት፣ ለጉንጯ ስንል። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። የዩኒፎርሟን ኮሌታ እስከ ጉሮሮዋ ቆልፋለች። ከንፈሯን ገጥማ ፈገግ ብላለች፤ የላይኛው ጥርሷ ስለወለቀ ታፍራለች። አንገቷ ንጹህ ነው፣ እኔ ያጸዳሁት። መመለሻውን ቁልፍ ተጫንኩ። አራቱም ተመልሰው መጡ። የእጅ ጣቶች ናቸው፤ ለዚህ ሐኪም መጥራት አያስፈልግም። ሰፊ እጅ ነው፣ ያንን እጅ አውቀዋለሁ። ግራ ቀኝ አየሁ። ጋሽ ፍላሽ በሩ አጠገብ ቆሞ ለአንዲት እናት የሕፃኗን ፎቶ ያስመርጣል። እንደገና አጠፋኋቸው። የመጀመሪያውን ጊዜ እጄ ነው ያጠፋው፤ ሁለተኛውን ጊዜ እኔ ነኝ፣ እያወቅኩ፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣ ከበፊቱም አሳምሬ። ሴቭ አደረግኩትና ሠላሳ አምስተኛውን ልጅ ከፈትኩ። አፈር ልብላ፣ የዚያን ልጅ ግንባር ላይ የነበረችውን የእስክሪብቶ ጠብታ እንኳ ሳልረሳ አንስቻለሁ።

ስለ ወንድሜ ክፉ ለማውራት ምላሴ አይታዘዝልኝም። ወንድም ጋሼ ነው የምለው፤ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። ወላጆቻችን ሲሞቱ እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እሱ ባይኖር ሜዳ ላይ ቀርቼ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ቧንቧ የፈነዳበት ሰው ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው፤ አሮጊት ከሆነች ሒሳብ አይቀበልም፣ ምርቃቷን ይዞ ይመጣል። ቀልደኛ ነው። ሆስፒታል የተኛ ሰው ሊጠይቅ ገብቶ ክፍሉን በሙሉ አስቆ የሚወጣ ዓይነት ሰው ነው። እኔን አስተምሮ፣ ኮምፒውተር አስለምዶ እዚህ ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ እሱ ነው። መትቶኛልም። በቀበቶም፣ በውኃ ጎማም፣ በባዶ እጁም። «ሰው ያደረገኝ የወንድሜ ዱላ ነው» እያልኩ ስንት ጊዜ ሰው መሀል እየሳቅኩ ተናግሬያለሁ! ሰዎቹም አብረው ይስቃሉ፤ ሁሉም የየራሱን ዱላ ያወጣል፣ የእናቱን ማማሰያ፣ የአጎቱን ጫማ፣ ጨዋታው ይደምቃል። አንድም ቀን አንድም ሰው ዝም ብሎኝ አያውቅም። ዝም ቢሉኝ ኖሮ ምናልባት የምለውን እሰማው ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አንዲት ቀጭን ልጅ ላቧ በግንባሯ እየወረደ ገባች። መቼም ከሃያ አራት ዓመት አይበልጣትም። ጠመኔ የነካው ጥቁር ቦርሳ በሁለት እጇ ይዛለች። የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ መሆኗን ተናግራ ወደ ጠረጴዛዬ ተጠጋች፤ እኔ የማን አክስት እንደሆንኩ አታውቅም።

«እህቴ፣ ሰኞ ያነሳችኋቸውን የኔን ክፍል ልጆች ፎቶ ማየት ፈልጌ ነበር። ሳይነካ።»

«ሳይነካ ማለት?»

«ሳይጸዳ፣ እንደተነሳ።»

ከዚያ ወንበር ሳልሰጣት ራሷ ስባ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። አንዲት ተማሪዋ ሰኞ ዕለት አንገቷ ላይ የእጅ ምልክት ይዛ መጣች። ፓውደር ተቀብታ ነበር፤ ረፍት ላይ ስትሮጥ በላብ ታጠበ። ምን ሆነሽ ነው ብትላት ወድቄ ነው አለች። ማክሰኞ ቀረች። ዛሬም የለችም። ቤት ሲደወል ጉንፋን ይዟታል ይላሉ። «ምልክቱ እስኪጠፋ እያቆዩዋት ነው» አለች አስተማሪዋ። ርዕሰ መምህሩ ጋ ስትሄድ «የሰው ቤት ልታፈርሺ ነው እንዴ? ማስረጃ አለሽ?» አሏት። እሷ ግን ትናንት ከሰዓት በራሷ ስልክ ለሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ደውላ አመልክታለች። ነገ ጠዋት ቤቱ ይሄዳሉ። ሰኞ ፎቶ ተነስታ ነበር ስትላቸው ዛሬውኑ አምጪልን አሏት። «ያለ ፎቶ ከሄዱ አባትየው በሳቅ በጨዋታ ነው የሚቀበላቸው፤ አውቀዋለሁ፣ የወላጅ ስብሰባ ላይ ሁላችንንም ሲያስቀን ነበር። ልጅቷም ወድቄ ነው ትላለች። ምልክቱም ደብዝዟል። ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። እነሱ ከወጡ በኋላ ደግሞ ልጅቷ ምን እንደሚጠብቃት አስቢው።»

ማሰብ አላስፈለገኝም። አስተማሪዋ እንቢ ልላት መስሏት ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። «እናንተም እኮ ፈርማችኋል» አለች። እውነቷን ነው። ትምህርት ቤቱ ልጆች አጠገብ የሚደርሰውን ሁሉ፣ ዘበኛውን፣ ሾፌሩን፣ ፎቶ አንሺውን ያስፈርማል። ባለፈው ዓመት ጋሽ ፍላሽ ዳቦ እያላመጥኩ ወረቀቱን ፊቴ ዘርግቶ «ፈርሚ ባክሽ፣ ለፎርማሊቲ ነው» አለኝና በቅባታም እጄ ፈረምኩ። የቅባቱ ምልክት ፎቶ ኮፒው ላይ ሳይቀር ይታያል። አስተማሪዋ በጣቷ ያሳየችኝ መስመር እንዲህ ይላል፦ በሕፃን ላይ ጉዳት እየደረሰ መሆኑን የጠረጠረ ማንኛውም ሰው በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ጥርጣሬውን የማረጋገጥ ኃላፊነት የአመልካቹ አይደለም። ከሥሩ የእኔ ፊርማ፣ ከነጅራቱ። ሕግ ለሌላ ሰው የሚጻፍ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለክፉዎች፣ ለሰካራሞች፣ ጋዜጣ ላይ ለሚወጡ ሰዎች።

«እኛ ጋ ሁለት ቅጂ አይያዝም» አልኳት። «ኮምፒውተሩ ስለማይችል በላዩ ላይ ነው የምንሠራው። የተነካው ተነክቷል።» ይሄ እውነት ነበር።

«ካሜራው ላይስ? ካርዱ ላይ አይኖርም?»

«ካርዱ ተጠርጓል።»

ይሄ ውሸት ነበር። ካርዱ ጉልበቴ አጠገብ፣ መሳቢያው ውስጥ ነው። ጋሽ ፍላሽ ወዲያ ጥግ ሌንስ ይወለውል ነበር፤ እጁ ቆመ። ቀና ብሎ ሳያየኝ መልሶ መወልወሉን ቀጠለ። አስተማሪዋ «አንቺ ስታጸጂው አላየሽውም? አራት ጣት እኮ ነው፣ እህቴ» አለች። እኔም ያንን የምታውቁትን መልሴን ሰጠኋት፦ እኛ ፊት አናይም። ስልክ ቁጥሯን በወረቀት ጽፋ ማውዜ አጠገብ አኖረችና ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ለራሷ በሚመስል ድምፅ «ስንቱን አጽድታችሁት ይሆን» ብላ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ፍላሽ ሌንሱን ከረጢቱ ውስጥ አስገባ፣ አወጣ፣ መልሶ አስገባ። ድንቡሼን ያውቃታል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየገባች ወንበሬን ስታሽከረክር፣ ከረሜላ ሲሰጣት ኖሯል። ሰኞ ዕለት ያነሳትም እሱ ነው፤ «ቀና በይ፣ አገጭሽን ወደ ግራ» ያላት እሱ ነው። በካሜራው የመስታወት ቀዳዳ ከእኔ ቀድሞ ያያት እሱ ነው። «ጥላ መስሎኝ ነበር» አለኝ በመጨረሻ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብርሃን ሲለካ የኖረ ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ! «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምረቃ ላነሳ ስለምሄድ ካርዱን እፈልገዋለሁ» አለ ቀጥሎ። «ያኔ እጠርገዋለሁ። አሁን ሂጂና ምሳሽን ብዪ።»

ወንድም ጋሼ ቤት በእግር አሥር ደቂቃ ነው። መንገድ ላይ ለራሴ የነገርኩት ልመክረው ነው የምሄደው ብዬ ነው። አስጠነቅቀዋለሁ፣ ነገር እየመጣ ነው እለዋለሁ፣ ሁለተኛ እንዳይለምደው አስምለዋለሁ፣ ነገሩ በቤታችን ያልቃል። ደረጃውን ስወጣ ንግግሬን እያሰማመርኩ ነበር። ሁለት ክፍል ቤት ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፤ የቧንቧ ሠራተኛ ቤት ሆኖ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ዓመቱን ሙሉ ያንጠባጥባል፣ ሁላችንም በእሱ እንቀልዳለን። ሚስቱ፣ እታለም ነው የምላት፣ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሰላም ተባባልን። ቢላዋውን ሳታቆም «ተሽሏታል» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ጉንፋኑ።»

ሁለታችንም ሽንኩርቱን አየን። እኔና እታለም አሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያወራነው፤ ስለ ጉንፋን፣ ስለ ሳሙና ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ። ክፉ ሴት አይደለችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልብስ ስናሰጣ፣ «አንቺን ይሰማሻል፤ አንድ ነገር ብትዪው» ብላኝ ነበር። ምን ብዬ እንደመለስኩላት ታውቃላችሁ? «እሱ እኮ ልቡ ንጹህ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም። እንባዋን በክንዷ ጠረገች፤ ከሽንኩርቱ ነው እንዳልል ቢላዋውን ካስቀመጠች ቆይታ ነበር። እኔም እንዳላየ ሆኜ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ድንቡሼ አልጋ ላይ በሆዷ ተኝታ ሥዕል ትሥላለች። አንገቷ ላይ የእናቷን ሻርፕ ጠምጥማለች፣ በዚያ ሙቀት። «አክስቴ!» ብላ ዘላ ተጠመጠመችብኝ። ሳቅፋት ከግራ በኩል ሸሸት አለች።

«ፎቶዬ ደረሰ?»

«ደርሷል።»

«አጠፋሽው?»

«ምኑን?»

ሻርፑን ዝቅ አድርጋ አሳየችኝ። ጫፍ ጫፉ ወደ ቢጫ እየሄደ ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ አይኖርም። እና እኔ፣ ወላድ በድባብ ትሂድ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን አጥፍተሽ ነው?» የሚል ነበር። እሷም አልገረማትም፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነው። «የሒሳብ ደብተሬ ላይ ውኃ ደፍቼ» አለችኝ። ቀጠል አድርጋ «ሰኞ እኮ አልሄድም ብዬ ነበር፣ ልጆቹ እንዳያዩብኝ። አባዬ ነው፣ ‹ፎቶው እንዳያመልጥሽ፤ አክስትሽ ታጠፋዋለች፤ አምናም አጥፍታልሻለች› ያለኝ» አለች።

አምና ቅንድቧ ላይ ስንጥቅ ነበር። በር መታት ብለውኝ ነበር። አጽድቼዋለሁ። እና እሱ ያንን ያዘ። እየመታት ሳለ፣ ወይም መትቶ ሲጨርስ፣ እኔን አሰበኝ። ልጁን አራት ጣት አንገቷ ላይ አትሞ ወደ ካሜራ ፊት ሲልካት የተማመነው በእኔ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ወንድም ጋሼ በምን እንደሚኮራብኝ ይገርመኝ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ድንቡሼ ግን ጆሮዬ ሥር ገብታ በሹክሹክታ የመጨረሻውን ነገረችኝ፦

«ቲቸሬ ስትጠይቀኝ ወድቄ ነው አልኳት። ጎበዝ አይደለሁ?»

«ጎበዝ ነሽ» አልኳት። እግዜር ይይልኝ፣ እንዲያ አልኳት።

እሱ ምሳ ሰዓት ላይ መጣ። ከደረጃው ጀምሮ ሳቁ ይሰማል። «ሚጢ! ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ፤ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ አሁንም ሚጢ ነው የሚለኝ። እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ፣ ዛሬ አንድ ሀብታም ቤት የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ስለተገኘ ሰው ሠራሽ ጥርስ አወራና እታለምን ሳይቀር አሳቃት። ከዚያ ሳህኔን በራሱ እጅ እየሞላልኝ «አንቺ ባትኖሪ እኮ ምን ይውጠን ነበር!» አለ። «ሰዉ ሁሉ ወሬኛ ሆኗል። አንዷ ፈንጋጣ አስተማሪ ደግሞ በቀን ሦስቴ ትደውላለች።»

«ምን አድርገሃት ነው፣ ወንድም ጋሼ?» አልኩት። በሕይወቴ እንዲህ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ድምፄ የስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኖ ነው የወጣው።

ማንኪያው ቆመ። ቧንቧው ሲያንጠባጥብ ተሰማ። እታለም ጨው ልታመጣ ተነሳች፤ ጨው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ቀጣኋት» አለ በቀስታ። «ልጄ አይደለችም እንዴ? አንቺንስ እንዴት ነው ያሳደግኩሽ? ተበላሽተሽ ቀረሽ?» ከዚያ ፊቱ መልሶ በራ። «ብዪ አንቺ፣ ይቀዘቅዛል።»

በላሁ። ያ ሁሉ ንግግሬ፣ ደረጃው ላይ ያሰማመርኩት፣ አንድም አልወጣኝም። ሳህኔን ጨርሼ በላሁ፤ ጣፈጠኝም። ድንቡሼ ውኃ ይዛ ስትመጣ እጁን አንስቶ ራሷን ሊዳስሳት ሲል ሁለቱም ትከሻዎቿ ወደ ጆሮዋ ወጡ። አፏ ፈገግ እንዳለ ነው፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የወጣው። እሱ አላየም። ፀጉሯን በፍቅር አሻሸው፣ በእውነተኛ ፍቅር፣ ይሄን አልክድበትም። የእኔም ትከሻ እዚያው ወንበሬ ላይ አብሮ ተነስቶ ነበር፤ ሳወርደው ነው ያወቅኩት። ሥራ ይረፍድብኛል ብዬ ተነሳሁ። በሩ ላይ «ፎቶዋን አሳምረሽ አትሚልኝ፣ አንድ ትልቅ ደግሞ ለግድግዳ» አለኝ። እሺ አልኩት።

ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ፎቶ ቤት ስደርስ ጋሽ ፍላሽ ካሜራውን አንግቶ ካርዱን በጣቶቹ መሀል ይዞ ቆሟል። እየጠበቀኝ እንደነበር ገባኝ፤ የምረቃው ሰዎች ሁለቴ ደውለውለታል።

«ስጠኝ» አልኩት።

«ከሰጠሁሽ ለምን በጊዜው አልተናገራችሁም ይባላል። እኔም እጠየቃለሁ። የትምህርት ቤቱ ሥራም ይቀራል፣ ሚጢ።» ከወንድሜ ሰምቶ እሱም ሚጢ ይለኛል። «ወንድምሽ ነው ደግሞ።»

«አውቃለሁ ወንድሜ መሆኑን! ማን ነግሮህ ነው ለእኔ የምትነግረኝ?» ጮኽኩበት። በሩ ላይ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ የመጡ ሁለት ወጣቶች ተያዩና ወደ ኋላ አሉ። ጋሽ ፍላሽ አልተቆጣም። ካርዱን መዳፌ ላይ አኖረልኝና ጣቶቼን በራሱ እጅ ዘጋቸው። «እንግዲያው ጥላ መስሎት ነበር በያቸው» አለኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«አልልልህም» አልኩት።

አስተማሪዋ ጋ ደወልኩ። ተማሪዎቿን ለሌላ ሰው ትታ በሃያ ደቂቃ ውስጥ የሕፃናት ጥበቃ ቢሮው በር ላይ መጣችልኝ፤ ልታቅፈኝ ሁሉ ቃጥቷት ነበር። «ፈጣሪ ይስጥሽ፣ እህቴ፣ እንደዚህ ዓይነት ሰው ጠፍቷል እኮ» እያለች ኮሪደሩን ሙሉ ስታመሰግነኝ ሄደች፤ እኔ ወለሉን እያየሁ እከተላታለሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ቁጥር አሥራ ሁለት። ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ እስከ ጣሪያው ድረስ የፋይል ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ ልጆች የሣሏቸው ቤቶች። ሠራተኛዋ መነጽር ያደረገች፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ የደከማት ሴት ናት። ካርዱን ኮምፒውተሯ ውስጥ ከትታ ቁጥር ሠላሳ አራትን ከፈተች። ሳታሳድግ፣ እንዳለ ነው ያየችው፤ ልጅቷን በሙሉ። ብዙ አየቻት። ከዚያ ቅጽ አውጥታ መጠየቅ ጀመረች። ስም። ሥራ። አድራሻ።

«ከልጅቷ ጋር ዝምድና አለዎት?»

«አክስቷ ነኝ። የአባቷ እህት።»

አስተማሪዋ አጠገቤ ነበር የተቀመጠችው። ቦርሳዋን በመካከላችን ከነበረው ወንበር ላይ አነሳችና ጭኗ ላይ አድርጋ አቀፈችው። ፊቷን ለማየት አልዞርኩም፤ እስክንወጣ ድረስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም፣ ከዚያ ወዲህም አልተነጋገርን። እውነቷን ነው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እንዲህ ያለች አክስት ላይ ምራቄን እተፋ ነበር።

ሠራተኛዋ የቀረውን ራሴ እንድሞላ ቅጹን ወደኔ ገፋችው። ድርጊቱን ፈጽሟል ብለው የሚጠረጥሩት ሰው ስም። የወንድም ጋሼን ሙሉ ስም ጻፍኩ፤ የአባቱ ስም የእኔም የአባቴ ስም ነው። ቀጥሎ፦ ጉዳቱን ወይም ምልክቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት መቼ ነው? ዛሬ ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ማን ያውቃል? እጅግ ቢበዛ አምና ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ ፎቶ አጽጂ ነኝ፣ ፎቶ ላይ አየሁ፣ አለቀ። ነገር ግን የመጀመሪያው ፎቶ ላይ አልነበረም። እታለም አሟት ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ነው፤ ድንቡሼን ገላዋን እኔ ነበርኩ የማጥባት። ሰባት ዓመቷ ነበር። ሸሚዟን አላወልቅም ብላ ታገለችኝ፣ እኔም ስቄ እየኮረኮርኳት አወለቅኩላት። ጀርባዋ ላይ ሰንበር ነበር፣ የውኃ ጎማ ሰንበር፤ ስንት እንደነበር አውቃለሁ፣ ስለቆጠርኩት። ፋርማሲ ሄጄ ቅባት ገዛሁ። ፋርማሲስቱ ለምንድን ነው ሲለኝ ሙቅ ውኃ ነክቷት ነው አልኩት፣ ዓይኔን ሳላሽ። ቀባሁላት፣ ሸሚዟን ቆለፍኩላት፣ «አባትሽን አታስቆጪው» አልኳት። ልጅቷ እሺ አክስቴ አለች። ያን ቀን አንዲት ሰው ብትጮህላት ይበቃ ነበር፣ አንዲት ሰው ብቻ፤ ያቺም እኔ ነበርኩ።

ቀኑን ጻፍኩት። ዕለቱን፣ ወሩን፣ ዓመቱን። ፈርሜ መለስኩላት።

ሠራተኛዋ መነጽሯን አስተካክላ እየተከተለች አነበበች፤ እዚያ መስመር ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ለእኔ አዝና፣ እንዳርመው ዕድል ልትሰጠኝ ፈልጋ ይመስለኛል ድምጿን ያለሰለሰችው።

«ዓመተ ምህረቱን ተሳስተው ይሆን እንዴ? ካቻምና እኮ ነው የጻፉት።»

«አልተሳሳትኩም» አልኳት።